ትኋን ያወጣንበት ቀን

«ዛሬ አይነገረውም አልኩ!»

«ታዲያ መቼ? እሱ እዚያ ፀሐይ ላይ እያፏጨ ፍራሽ ሲያራግፍ፣ እኛ እዚህ ተገትረን እያየነው እንዋል?»

«እንዋል። ሰው መርዶ በቀትር አይረዳም።»

ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚናገሩት። የጎጃሙ ልጅ ግን ዝቅ ማለት አያውቅበትም። ለሰሊጥ አጨዳ የመጣ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ማሳ ለማሳ ሲጠራራ የኖረ ሰው ድምፅ አለው።

«ቀስ በል፣ ይሰማል» አልኩት።

«አንተ ደግሞ! ወሬውን ያመጣኸው ራስህ፣ ቀስ በል የምትለኝ ራስህ።»

እውነቱን ነው። የዚያን ቀን ከበር ምግብ የመቀበል ተራው የእኔ ነበር። ሳህኑን እንደያዝኩ ቆሜአለሁ፤ ማንም ክፈተው አላለኝም። ከበሩ ወዲያ ግቢው ወለል ብሎ ይታያል። ሹፌሩ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ የእንጨት ርብራብ በሁለት እጁ አንስቶ ሸራ ላይ ይመታል። ሴት ልጁ ከትናንት ወዲያ ተቀብራለች። እሱ አያውቅም።

«ገጣሚው!» ብሎ ከግቢው ጠራኝ። «ምን ትንቀራፈፋለህ? ና ይሄን ያዝልኝ!»

ሐጂ ሳህኑን ከእጄ ተቀበሉኝ። «ሂድ» አሉኝ። «ፊትህን አስተካክል።»

የታሰርንበት ቤት መተማ ዮሐንስ ዳር ላይ ያለ የሰሊጥ መጋዘን ነው። እኔን ያመጡኝ ሻይ ቤት ባነበብኩት ግጥም ምክንያት ነበር። ግጥሙ ጥሩ አልነበረም፤ አሁን ሳስበው ይበልጥ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ከፀሐይ ወደ ውስጥ ሲገፉኝ ዓይኔ ምንም ስላላየ ቤቱን ያወቅሁት በአፍንጫዬ ነው። የሰሊጥ ቅባት ይሸታል፣ ላብ ይሸታል፣ የቆየ ጆንያ ይሸታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ድምብላል የሚመስል ነገር ይሸታል።

«ድምብላል የሚወቅጥ ሰው አለ እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁ።

ጨለማው በሙሉ ሳቀ። ትኋን ሲጨፈለቅ እንደዚያ እንደሚሸት ያወቅሁት ጎኔን ርብራቡ ላይ ካሳረፍኩ በኋላ ነው። ርብራቡ የሰሊጥ ጆንያ መሬት እንዳይነካ የሚደረደርበት እንጨት ነው፤ እኛ አልጋ አደረግነው። እያንዳንዱ ስንጥቅ በትኋን የተሞላ ነበር። ያን ቀን ከሳቁት ሁሉ ጮክ ብሎ የሳቀው ሹፌሩ ነው። ቀጥሎም የራሱን ጋቢ አጥፎ ከጎኔ ሥር አነጠፈልኝ።

ትራክተር ነጂ ነበር። አብደራፊ አካባቢ ባሉ እርሻዎች ብዙ ዓመት ሠርቷል፤ አርሷል፣ ዘርቷል፣ በጋ ሲሆን የባለሀብቱን መጋዘን ጠብቋል። በተሳቢው ታጣቂ ጭኖ አሳልፏል ተብሎ ነው የገባው። ጭኖ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ሐጂ ባለሱቅ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ስኳር ለማን እንደሸጡ ይጠየቃሉ። «ለሚጣፍጠው ሰው» ብለው መልሰው በጥፊ ተመትተዋል ይባላል። እሳቸው ግን ይህን ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

እስረኛ ከቤተሰቡ ጋር አይተያይም። ምግብና ልብስ በበር ይገባል፣ የቆሸሸ ጨርቅ በበር ይወጣል። በበሩ ሽንቁር በኩል ጠባቂው ደግ ከሆነ አንድ ሁለት ቃል ይወረወራል። የሹፌሩ ሚስት ቤታቸው ቅርብ ስለሆነ ጋቢውንና ብርድ ልብሱን ወስዳ አጥባ ትመልስ ነበር። ትኋኑም አብሮ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ወንድሟ በሽንቁሩ በኩል «ቤታችሁ ተወረረ» አለው። አልጋው፣ ፍራሹ፣ ቁም ሣጥኑ፣ የልጅቱ ልብስ ሳይቀር። ትንሿ ልጁ እያከከች «አባዬ የላከልን ነገር ይናከሳል» ብላለች አሉ። ሹፌሩ ይህን ለመጋዘኑ ሁሉ እየዞረ አወራ። ሲያወራው ይስቃል።

በማግሥቱ መፍትሔውን በሽንቁሩ ወረወረ። ለሰሊጥ ነቀዝ የሚደረገው የመጋዘን ክኒን ከእርሻው የተረፈ ቤት ውስጥ ነበረው። እሱ ያየው መጋዘን ሲታጠን ነው፤ ሸራ ይሸፈናል፣ በሩ ይደፈናል፣ ሲከፈት በሕይወት ያለ ነፍሳት አይገኝም። «ዕቃውን በሙሉ ጓዳ አስገቡት፣ ክኒኑን አድርጉ፣ በሩን በጨርቅ ድፈኑት። እናንተ በዚህኛው ክፍል እደሩ» አለ። የሚስቱ ወንድም እሺ ብሎ ሄደ። ሁላችንም ሰምተናል። ማናችንም ምንም አላልንም፤ ጥሩ ሐሳብ መስሎን ነበር።

በቆላ ቤት የውስጥ ግድግዳ ጣራ አይነካም። ነፋስ እንዲያልፍ ከላይ ክፍት ይተዋል፤ አለበለዚያ በዚያ ሙቀት ሰው አይተኛም። በሩን ደፈኑ። ከክኒኑ የወጣው መርዘኛ ጋዝ ከላይ አልፎ ወረደ። ልጅቱ ግድግዳውን ተጠግታ ነበር የተኛችው፤ እናትየዋ በዚያኛው ጥግ ነበረች። እናትየዋን እያስመለሳት ወደ ጤና ጣቢያ አድርሰዋት ተረፈች። «ለእህቴ ወባ ነው ብለናታል» አለኝ ወንድሟ ሳህኑን እየሰጠኝ። «ያመነች አትመስልም። እናንተ እንዳያችሁት አድርጉ።» ከዚያ ጠባቂው «በቃ፣ በቃ» አለውና ሄደ።

ይህን ሆዴ ውስጥ ይዤ ነው ወደ ግቢው የወጣሁት።

ዕቃ እንድናወጣ የተፈቀደልን ጠባቂዎቹም በትኋን ስለተበሉ ነው። የመጋቢት ፀሐይ ነበር። ፍራሽ፣ ጋቢ፣ አንሶላ፣ የሐጂ መስገጃ፣ ሁሉም ወጣ። በርሜል ሙሉ ውሃ ፈልቶ ጨርቁ እዚያ ገባ። የተቀረውን የሚመራው ሹፌሩ ነው። ፍራሹን በጥቁር ላስቲክ ጠቅልሎ ቆርቆሮ ላይ ያሰጣዋል፤ እጅህን ላስቲኩ ውስጥ ብትከት ይቃጠላል። ርብራቡን ደግሞ እንደ ሰሊጥ ነዶ ይዘቀዝቀዋል።

«ራሱን ወደ ታች! ሰሊጥ አራግፈህ አታውቅም እንዴ?»

«አላውቅም» አልኩት።

«ምኑን ነው ታዲያ የምትገጥመው? ያዝ! አሁን ምታ!»

መታሁ። ትኋኑ ከስንጥቁ እየረገፈ ሸራው ላይ ወረደ። ቀይ ነው፣ ቡናማ ነው፣ የጠገበው ይንከባለላል።

«አየህ?» አለ ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ። «አንደኛ ደረጃ የመተማ ምርት። በኛው ደም የለማ!» ጠባቂው ሳይቀር ሳቀ። ሹፌሩ የሸራውን ጫፎች ሰብስቦ የፈላው በርሜል ውስጥ አራገፈው። «ኻላስ!» አለ እጁን እያጨበጨበ፤ ከሱዳኖቹ ጋር ሲሠራ የለመዳት ቃል ናት፣ አንድ ሥራ ባለቀ ቁጥር ይላታል።

ከዚያ ላቡን በክንዱ ጠርጎ ወደ እኔ ዞረ።

«ምግብ ማን አመጣ? እሷ ናት?»

«ወንድሟ ነው።»

«እሷስ?»

«ትንሽ አሟታል አለ። ደህና ነች።»

«ቤቱስ? ጸዳ?»

የግቢው ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ነበር። ይህን ጥያቄ አልጠበቅሁትም።

«ጸድቷል» አልኩት።

«አላልኩህም!» ጀርባዬን መታኝ፤ ደስታው በመዳፉ በኩል ተሰማኝ። «እኔ እኮ ነግሬአቸዋለሁ። ይሄ ሁሉ መቀቀል፣ ማራገፍ፣ ይሄ የድሮ ሥራ ነው። ለጠባቂው እነግረውና ያንን ክኒን እዚህም እናስመጣዋለን። እኛ አንድ ቀን ግቢ እንውላለን፣ መጋዘኑ ይዘጋል፣ በቃ።»

«አይሆንም» አልኩ። ቶሎ አልኩት መሰለኝ፣ አየኝ።

«ለምን አይሆንም?»

«ሐጂ አስም አለባቸው።»

ሐጂ አስም የለባቸውም። እሱም የለባቸውም ማለት ፈልጎ አፉን ከፈተ፣ ነገር ግን ሐጂ ከበሩ ላይ ሆነው ሰምተውን ኖሮ ሳሉ። እንዲያ ያለ ሳል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ስለው አያውቁም።

«ማሌሽ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ሐጂ» አለ ሹፌሩ። «እንግዲህ በእጃችን እንለቅማለን።»

ፀሐይዋ እስክትዞር በእጃችን ለቀምን። የፍራሹን ስፌት በመርፌ እየከፈትን፣ የጋቢውን ጥለት በጣታችን እየዳበስን። እሱ ከጎኔ ተቀምጦ ሲለቅም ስለ ልጁ ያወራኝ ነበር። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው። ትራክተር ስታይ ሁሉ የአባቷ ይመስላታል፤ አንድ ጊዜ የሰው ትራክተር አስቁማ «ጫነኝ» አለች። ነጂው አሳፍሮ ቤት ድረስ አመጣት። ይህን ሲነግረኝ ጣቱ አንድ ትኋን ይዞ ነበር፤ ሳይጨፈልቀው ታሪኩን ጨረሰ።

ዕቃውን መልሰን ስናስገባ ሹፌሩ በንጹሕ አንሶላ ላይ ጋደም ብሎ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። እኛ በሩ አጠገብ ተጠጋጋን።

«ነገ ጎህ ሲቀድ» አሉ ሐጂ። «ምግብ ሳይቀምስ። ሁላችንም ከብበነው። ሞቷን እንነግረዋለን፤ ምን እንደገደላት ግን ወባ ነው እንላለን።»

«ሐጂ!» አለ የጎጃሙ ልጅ። «አንቱ አምስት ጊዜ የሚሰግዱ ሰው ነዎት። ይዋሻሉ?»

«በዚች አላህ ይጠይቀኝ፣ እመልሳለሁ።»

«በመጋቢት ወባ የት ያለ ነው? ቆላ የተወለደ ሰው ነው እኮ፣ ሕፃን አይደለም። አባት ልጁ በምን እንደሞተች የማወቅ መብት አለው። እኔ ብሆን እናንተን ይቅር አልልም።»

«ቢያውቅስ ምን ያደርገዋል?» አሉ ሐጂ። «ተነሥቶ አይሄድ፣ ሚስቱን አያይ፣ መቃብሯ ላይ አይቆም። እዚሁ ርብራብ ላይ ተጋድሞ ያንኑ ሲያስብ ይኖራል። ይህን ነው የምትፈልግለት?»

የጎጃሙ ልጅ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ምን ትላለህ? ለእውነት ነው የታሰርኩት ትል የለም?»

ብዬ ነበር። ግን በእውነት ስም የተናገርኩት ሁሉ ስለ ትልልቅ ነገር ነበር።

ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ሐጂ ጠባቂውን ለምነው በሩ ትንሽ ገርበብ እንዲል አስፈቅደዋል፤ ጠባቂው ነገሩን ሲሰማ ኮፍያውን አውልቆ ከውጭ ቆመ። ሁላችንም ጋቢያችንን ለብሰን በሹፌሩ ዙሪያ ተቀመጥን። ጋቢው ገና የበርሜሉን ውሃ ይሸታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳያክክ ያደረበት ሌሊት ነበር።

ሹፌሩ ዓይኑን ከፈተ። ፊታችንን አንድ በአንድ አየ። በዚህ አገር ያደገ ሰው ማለዳ ተከቦ ሲነቃ የሚያስረዳው አያስፈልገውም። ቀስ ብሎ ተነሥቶ ተቀመጠ።

«ማን ነው?» አለ።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እናቴ ናት?»

«አይደለችም» አሉ ሐጂ።

«ሚስቴ ናት? ትንሽ አሟታል ብለኸኝ ነበር።» እኔን አየ። ራሴን በአሉታ ነቀነቅሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ስም አልጠራም።

«ልጅህ ናት» አሉ ሐጂ። «አላህ ያጽናህ፣ ልጄ። ወባ ነው። ድንገት ጠንቶባት፣ ሐኪም ሳይደርስላት...»

ሹፌሩ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬቱን ያይ ነበር። የሚጮኽ መስሎን የጎጃሙ ልጅ ሊይዘው ጠጋ አለ። አልጮኸም።

«የት ተኝታ ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

ሐጂ ወደ እኔ አዩ፣ እኔ ወደ መሬት። ከውጭ የአንድ ከባድ መኪና ሞተር ተነሣ፣ ወደ ኬላው መሰለኝ፤ እስኪርቅ ድረስ ሁላችንም የምናዳምጠው እሱን ሆነ።

«ግድግዳው እኮ ጣራ አይነካም» አለ ሹፌሩ።

ለማናችንም አልነበረም የተናገረው። ድምፁ ትራክተሩ የትኛው ዕቃ እንደጎደለው የደረሰበት መካኒክ ድምፅ ነበር። መዳፉን አንሥቶ ግንባሩን አንድ ጊዜ መታ፣ ደገመ፣ ሦስተኛው ላይ እጁን ያዝንለት።

ያኔ ነው የጎጃሙ ልጅ የተናገረው። ያ ትናንት ስለ እውነት ሲሟገት የዋለው።

«ወባ ነው፣ አያ» አለ። «ወባ ነው። ዘንድሮ ያለ ወቅቱ ገብቷል። እኛም ሰፈር ብዙ ልጅ ጨርሷል።» እያለቀሰ ነበር። «በእመቤቴ፣ ወባ ነው።»

ሹፌሩ ጭንቅላቱን የጎጃሙ ልጅ ትከሻ ላይ ጣለ። ሁላችንም አለቀስን። ሐጂ «ገጣሚ ነህ፣ አንድ ነገር በል፤ ሙሾ የሌለው ለቅሶ አይሆንም» አሉኝ። ብዙ መስመር በቃሌ እይዝ ነበር ያን ጊዜ፣ የራሴም የሰውም። አንዱም ለእሷ አልሆነም። ጀርባውን ዳበስኩ።

ድንኳን የለ፣ ቀብር የለ። ያለንን አደረግን። ርብራቦቹን ወደ ግድግዳ ገፍተን ወለሉ ላይ ተቀመጥን። ከየቤቱ የሚመጣው ምግብ ሁሉ እሱ ፊት ይቀርባል፤ አንድ ጉርሻ ሳይቀምስ ሌላው አይነካም። ሐጂ ከመስገጃቸው ላይ አስቀመጡት። ትኋኑ ግን ሳይውል ሳያድር ተመለሰ። አንድ ስንጥቅ ስተን ኖሮ፣ ወይም ከጎረቤት ክፍል መጥቶ። ሹፌሩ ክንዱ ላይ ሲሄድ ያየዋል፣ አያባርረውም።

ዛሬ ሽንፋ ከተማ ነኝ። ከወጣሁ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ከዚህ በፊት ጎንደር ነበርኩ፣ ነገ የት እንደምሆን አላውቅም። የጎጃሙን ልጅ በአጨዳ ጊዜ ገበያ ላይ አገኘሁት። ሻይ ጠጣን። ስለ ሹፌሩ ወሬ እንዳለው ጠየቅሁት፣ የለውም። «ልክ ነበርን?» አለኝ ሊለየኝ ሲነሣ። አላውቅም አልኩት። እሱም አያውቅም። ስለዚያ መጋዘን ስንት ጊዜ ለመጻፍ ተቀመጥኩ፤ የታሰርኩበትን ግጥም፣ ጥፊውን፣ ምርመራውን ልጽፍ ብዬ እጀምርና ብዕሬ ይቆማል። እነዚያ ሁሉ ሌላ ሰው ላይ የደረሱ ይመስለኛል። ብዕሬ የሚሄድልኝ የሹፌሩ ሚስት የመጣችበት ቀን ላይ ስደርስ ብቻ ነው።

ሐጂ ለኃላፊው መልእክት በመልእክት ላይ ልከው ነበር፤ ልጅ የቀበረች እናት ባሏን ለአንድ አፍታ እንድታይ። ተፈቀደ። ከሰዓት በኋላ ጠባቂው በሩን ከፍቶ «ሹፌር! ሚስትህ መጥታለች። አጭር ነው፣ ቶሎ በል» አለ።

ሹፌሩ አልተነሣም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጺሙን አልነካም፣ ፊቱ ከስቷል። የጎጃሙ ልጅ የራሱን ደህና ሸሚዝ አምጥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠለት። ሐጂ በጆግ ውሃ አፈሰሱለት፤ ታጠበ። ሸሚዙን ለበሰ፣ ቁልፉን አዛብቶ ቆለፈ፣ ፈትቶ እንደገና ቆለፈ።

«ለእሷ ምን ብለዋታል?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለዚህ ነገር የጠየቀኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ወባ ነው ብለዋታል» አልኩት።

«አምናለች?»

«ወንድሟ... አላውቅም አለ።»

ራሱን ነቀነቀ። «በሩን የደፈነችው መቼም እሷ ናት» አለ። «ጨርቁን በእጇ እየወተፈች። እሷ ታውቃለች፤ እኔ እንዳወቅሁ ግን ማወቅ የለባትም።» ሸሚዙን ወደ ታች ሳበው። «የማላውቀው እኔ ነኝ። ለእኔ የተነገረኝ ወባ ነው። እናንተ ናችሁ የነገራችሁኝ፣ አይደለም?»

«አዎ» አሉ ሐጂ። «እኛ ነን።»

«ከጠየቀቻችሁም እንደዚያው ነው። መቼም ቢሆን።»

«መቼም ቢሆን» አለ የጎጃሙ ልጅ።

ሹፌሩ ወደ እኔ ቀረበ። በተከፈተው በር የገባው ብርሃን ፊቱ ላይ ነበር።

«አንተ ሰው ታያለህ» አለኝ። «እውነቱን ንገረኝ። ፊቴ ያስታውቃል?»

ያስታውቅ ነበር። ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ያስታውቅ ነበር።

«አያስታውቅም» አልኩት።

ጠባቂው እንደገና ጠራው። ሹፌሩ ትከሻውን ቀና አደረገ፣ እንግዳ እንደሚቀበል አባወራ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያም ወጣ። የብረቱ በር ከኋላው ተዘጋ።